ቀፏችን ክፍት ነው፤ ቁጥራችን ግን ተቆልፏል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ በሞባይል ቀፎ ሽያጭና ጥገና ሥራ ከተሰማራሁ 14 ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት ደንበኞች ቀፎውን በእጃቸው እያገላበጡ ከሚጠይቁኝ ጥያቄ ቀዳሚው «ይሄ ስልክ ክፍት ነው?» የሚለው ነው። አንድ ኦፕሬተር ብቻ በነበረበት ዘመን የጥያቄው ትርጉም «ከውጭ የመጣው ቀፎ የቴሌን ሲም ይቀበላል ወይ?» ማለት ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ጥያቄው ሰፍቷል፤ ጠያቂው «ዛሬ ከዚህኛው ጋር ብሠራ፣ ነገ ወደዚያኛው መሻገር እችላለሁ ወይ?» ማለቱ ነው። እኔም «አዎ፣ ክፍት ነው» እያልሁ ስሸጥ ኖሬ፣ መልሴ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ቀረው ግማሽ ነው፤ ቀፎው ክፍት ቢሆንም ቁጥርን ይዞ ወደ ሌላ ኦፕሬተር መሻገር አይቻልምና።

አስቀድሜ ስለ ቀፎው ልናገር። በእኛ ሙያ «ዝግ» የሚባለው ቀፎ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሕዝቡ ሁሉንም በአንድ ስም ስለሚጠራው ብዙ ገንዘብ በከንቱ ሲወጣ አያለሁ። አንደኛው፣ ቀፎውን በዱቤ ወይም በቅናሽ የሸጠው የውጭ አገር ኦፕሬተር ከራሱ ሲም በቀር ሌላ እንዳይቀበል አድርጎ የቆለፈው ነው፤ ሰው «ዲኮድ አድርግልኝ» ብሎ የሚያመጣልን እርሱን ነው። ሌላው በጎግል ወይም በአይክላውድ አካውንት የተዘጋ ሲሆን፣ ይህ ከሲም ካርድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃሉን ካልሰጠ በቀር ቀፎው የማንም አይሆንም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን 15 አኃዝ ባለው የመለያ ቁጥሩ፣ ማለትም በአይኤምኢአይ፣ ከኔትወርክ የታገደው ነው። እንዲህ ያለው ቀፎ ለማንኛውም ሲም ክፍት ሆኖ ሳለ ኔትወርኩ ራሱ አላውቀውም ይለዋል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀፎ ምዝገባ በአገራችን በተጀመረ ጊዜ፣ በሻንጣ ከውጭ የመጡ ስንት ደኅና ስልኮች «ሰርቪስ የለም» እያሉ ሱቄ እንደ ተደረደሩ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት *#06# ብሎ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ቢያመሳክር፣ የራሱንም ሲም አስገብቶ አንድ ጊዜ ቢደውል መልካም ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት ቁልፍ በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ። እኅቴ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ትኖራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ለታናሽ ወንድማችን የምረቃ ስጦታ ይሆነው ዘንድ አንድ አይፎን በመንገደኛ ላከች። ሲሙን ከትተን ብናበራው «ሲሙ አይደገፍም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ለካስ ስልኩን የገዛችው ደንበኛ ከሆነችበት ኩባንያ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ኖሮ፣ ዕዳው ሳያልቅ ቁልፉ አይነሣም። እኔ የሙያው ሰው ሆኜ ሳለ ልረዳው አልቻልሁም። ወንድሜ ደግሞ «ቺፕ አስገባበትና ይሥራ እንጂ!» እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። ከሲሙ ሥር የምትለጠፈው ያቺ ስስ ቺፕ ቀፎውን ለጊዜው ታታልላለች፤ ይሁን እንጂ የስልኩ ሶፍትዌር ሲታደስ ብዙ ጊዜ ሥራዋን ስለምታቆም፣ ለሰው ሳስገባ ኖሬ በተመላላሽ ደንበኛ ከተሰቃየሁ በኋላ ትቻታለሁ። በመጨረሻ እኅቴ የቀረውን ዕዳ ጠቅልላ ከፈለችና ኩባንያው እዚያው ሆኖ ከፈተው፤ ስልኩ አዲስ አበባ፣ ቁልፉ አሜሪካ ነበር ማለት ነው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ያለ ክርክር አልኖሩም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ አንድ ደንበኛ አዲስ የገዛውን ቀፎ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ማስከፈቱ የቅጂ መብት ሕግን እንደ መተላለፍ ተቆጥሮ ነበር፤ ከ100,000 በላይ ሰዎች ለኋይት ሐውስ የቀረበውን አቤቱታ ከፈረሙ በኋላ ኮንግረሱ የማስከፈት መብትን የሚመልስ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ነሐሴ 1 ቀን 2014 ፈረሙበት። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017፣ ብሪታንያ ደግሞ ከታኅሣሥ 2021 ወዲህ ኦፕሬተሮች የተቆለፈ ቀፎ እንዳይሸጡ ከልክለዋል።

ነገሩን በሌላ ዐይን እንዳየው ያደረገኝ ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። ያቺው እኅቴ ከጥቂት ወራት በኋላ በኩባንያው ዋጋ ተማርራ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረች። እኔ አዲስ ቁጥር እስክትልክልኝ ስጠብቅ፣ በዚያው ለዓመታት በማውቀው ቁጥር ደወለችልኝ። «ቁጥርሽን አልቀየርሽም እንዴ?» ብላት ሳቀችብኝ። «ወንድሜ፣ ቁጥሩ የእኔ እንጂ የእነርሱ ነው እንዴ?» አለች። የሠራችው ይህ ነው፦ የቀድሞውን መስመር አላዘጋችም፤ ቀድሞ ማዘጋት ቁጥርን ሊያሳጣ ስለሚችል። ይልቁን ከቀድሞው ኩባንያ የአካውንት ቁጥሯንና የማስተላለፊያ የምሥጢር ቁጥር ተቀብላ ለአዲሱ ሰጠች፤ የቀረውን ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ጨረሱት። ምሳ ሰዓት ላይ የጀመረችው ከእራት በፊት አለቀ። በዚያ አገር የሞባይል ቁጥርን ይዞ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መሻገር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2003 ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን አገር ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በአሜሪካ ቀፎው ሊቆለፍ ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ነፃ ነው። በእኛ ዘንድ ከገበያ የሚገዛው ቴክኖም ሆነ ሳምሰንግ በአብዛኛው ክፍት ነው፤ ቁጥሩ ግን በኦፕሬተሩ እጅ የታሰረ ነው። 09 የኢትዮ ቴሌኮም፣ 07 የሳፋሪኮም ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ቁጥሩን ጥሎ ይሻገራል።

ክፍት ቀፎን ወደ ሌላ ኦፕሬተር መቀየር በራሱ እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አይደለም። መታወቂያ ይዞ ሄዶ ሲም ማውጣት፣ ቀፎውን አጥፍቶ የቀድሞውን ሲም ማንሣት፣ አዲሱን ማስገባት፣ ማብራት ነው። የኢንተርኔቱ ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመጣል፤ ካልመጣ የኦፕሬተሩ ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ያስገባዋል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ ማለት ይገባል። በሲሙ ላይ የተቀመጡ የስም ዝርዝሮች ከሲሙ ጋር ስለሚቀሩ አስቀድሞ ወደ ቀፎው መገልበጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎኖች ደግሞ ከ14ኛው ጀምሮ የሲም መግቢያ ቀዳዳ ስለሌላቸው የሚሠሩት በኢ-ሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ በስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው፤ ዘመድ የላከላችሁ ስልክ እንዲህ ያለ ከሆነ ቀዳዳውን በመርፌ አትፈልጉት። አንድ ወጣት ፈልጎ የስልኩን ማይክራፎን በስቶ አምጥቶልኛል።

ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው።

ሾላ ገበያ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም የሚነግዱ አንዲት እናት የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ናቸው። በሚኖሩበት ሰፈር የያዙት መስመር ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ውጭ አገር ካሉት ልጆቻቸው ጋር በምስል መነጋገር አቃታቸው። የጎረቤታቸው ልጅ የሌላውን ኦፕሬተር ሲም አስገብቶ ቢያሳያቸው ጥርት ብሎ ሠራ። ስልካቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ይሄን ስልክ ስትሸጥልኝ ክፍት ነው ብለኸኛል፤ ወደዚያኛው አዙርልኝ» አሉኝ። «አዞርልዎታለሁ እናቴ፣ ቁጥርዎ ግን ይቀየራል» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ምኑ ነው ክፍት የሆነው?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሴትዮዋ ቁጥራቸውን በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። በሱቃቸው ታፔላ ላይ ተጽፏል። በከረጢት እያሸጉ ወደ ውጭ አገር በሚልኩት የበርበሬ መያዣ ላይ ታትሟል። የዕድር መዝገብ ላይ አለ። ባንካቸው ገንዘብ በገባና በወጣ ቁጥር መልእክት የሚልከው ወደዚያ ነው። ቴሌብራቸው በእርሱ ነው፤ ከመርካቶ ዕቃ የሚያመጣላቸው ልጅ ሒሳቡን የሚቀበለው በቴሌብር ነው። ለፋይዳ ሲመዘገቡ የሰጡትም እርሱን ነው። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤትም የሚደውለው በዚሁ ቁጥር ነው። ከነዚህ ሁሉ መካከል የታፔላው ነገር በቀለም የሚፈታ ነው፤ የባንኩና የመታወቂያው ግን ሰልፍ ነው፣ ቅጽ ነው፣ «ነገ ይምጡ» ነው። በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር የሁሉ በር መክፈቻ በሆነበት በዚህ ዘመን ቁጥርን መቀየር ስምን ከመቀየር አይተናነስም። ሴትዮዋም እንደ ብዙው ሰው አደረጉ፦ ከእኔ ሁለተኛ ርካሽ ቀፎ ገዝተው ሄዱ። እኔ ሸጥሁ፣ እርሳቸው ሁለት ስልክ ተሸከሙ።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። ሰው አዲስ ቁጥር ይዞ አሮጌውን ሲተወው፣ ለረጅም ጊዜ ያልሠራው ቁጥር ተሰርዞ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ባለፈው ዓመት አንድ የኮሌጅ ተማሪ አዲስ ሲም ገዝቶ ካበራ በኋላ የማያውቀው ሰው የባንክ ሒሳብ መልእክት ይደርሰው ጀመርና ተደናግጦ ወደ እኔ መጣ። የቀድሞው ባለቤት ቁጥሩን ሲተው ባንኩን ረስቶት ኖሯል። ልጁ ቅን ስለሆነ ወደ ባንኩ ሄዶ አስታወቀ። ሁሉም ግን እንደ እርሱ ቅን አይሆንም።

«ባለ ሁለት ሲም ስልክ እያለ ምን ችግር አለ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ባይኖር ኖሮ የሁለተኛው ኦፕሬተር መምጣት ለብዙዎቻችን ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ይሁን እንጂ ከሱቄ መደርደሪያ ተነሥቼ ስናገር፣ በርካሾቹና በቆዩት ቀፎዎች አንደኛው የሲም ቦታ ብቻ ፈጣን ኢንተርኔት ሲቀበል ሁለተኛው ለጥሪና ለመልእክት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ አዲሱን ሲም በሁለተኛው ቦታ ይከታል፤ ከዚያም «ኔትወርካቸው አይረባም» ብሎ ይተወዋል። ሁለት ሲም የያዘ ሰው ሁለት ጥቅል ይገዛል፤ አንዱ ሳያልቅ ጊዜው ያልፋል። ባትሪውም ሁለት ኔትወርክ ሲፈልግ ይውላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ደንበኛው አሮጌውን ቁጥር ለባንኩና ለዘመዱ ሲል በየወሩ ካርድ እየሞላ በሕይወት ካቆየው፣ የተሻገረው በስም ብቻ ነው።

የቴሌኮም ገበያው ሲከፈት የተገባልን ቃል ውድድር ነበር። ውድድር ማለት ደግሞ ደንበኛው ያልተስማማውን ትቶ መሄድ ሲችል ነው። ለሁለተኛው ኦፕሬተር ፈቃድ እንዲሰጥ የተወሰነውና ቴሌብር ሥራ የጀመረው በአንድ ወር፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. መሆኑ ይገርመኛል፤ በዚያው ወር በሩም ተከፈተ፣ በሩን የሚይዘውም ሰንሰለት ተሠራ ማለት ይቻላል። ኢትዮ ቴሌኮም የ2016 በጀት ዓመትን ሲዘጋ ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች፣ በቴሌብርም ከ47 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች እንዳሉት አስታውቋል። ይህን ስል ቴሌብርን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ራሴ የቀን ገቢዬን ከግማሽ በላይ የምቀበለው በእርሱ ነው። የምለው፣ ይህን ያህል ሕዝብ ኑሮውን በአንድ ቁጥር ላይ ካሠረ በኋላ «ካልተመቸህ ወደ ሌላው ሂድ» ማለት ቀልድ ይሆናል ነው። ነገሩ ግማሽ ጎፈሬ ግማሽ ልጩ ሆኖ ቀርቷል።

ቁጥርን ይዞ መሻገር ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006፣ ጋና በሐምሌ 2011፣ ናይጄሪያ በሚያዝያ 2013 ጀምረውታል። ዱባይና አቡ ዳቢ ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችንም ያውቁታል፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2013 ወዲህ ትፈቅዳለች። አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ የትኛው ቁጥር በአሁኑ ጊዜ በየትኛው ኦፕሬተር እንደሚያዝ የሚያሳይ የጋራ መዝገብ ይቋቋማል። ደንበኛው ሊሄድበት ወዳሰበው ኦፕሬተር ሄዶ ያመለክታል፤ ያ ኦፕሬተር በመዝገቡ በኩል ለቀድሞው ያስታውቃል፤ ማንነቱ ከተረጋገጠ ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቁጥር የሚደወል ጥሪ የቁጥሩን መጀመሪያ ሳይሆን መዝገቡን ተከትሎ ይሄዳል። አንድ የማይታለፍ ጣጣ አለው፤ 09ን አይቶ «ይህ የቴሌ ነው» ማለት ይቀራል። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚሠሩ የጥሪ ጥቅሎችን የሚገዛ ሰው የሚደውልለት ቁጥር የትኛው ዘንድ እንዳለ የሚያውቅበት መላ ሊበጅለት ይገባል።

ከጎረቤታችን ከኬንያ ግን የምንማረው ሌላ ነገር አለ፤ ለአዘጋጁም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ከዚህ ደብዳቤ አንድ አንቀጽ ብቻ ይነበብ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ኬንያ ቁጥርን ይዞ መሻገርን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 ነበር። በወረቀት ላይ ምንም አልጎደለውም፤ የተሻገረው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ሆኖ ቀረ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ፣ ኤምፔሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሕዝቡ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስበት የሞባይል ገንዘብ ከኦፕሬተሩ ጋር የታሰረ ስለነበር፣ ቁጥሩን ይዞ የሚወጣ ሰው የገንዘብ ቦርሳውን ጥሎ ይወጣ ነበር። በሞባይል ገንዘብ ከአንዱ ኦፕሬተር ወደ ሌላው በቀጥታ መላክ የተጀመረው 7 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ልብ ይበሉ፣ እዚያ የገንዘቡ ሰንሰለት የጠቀመው ሳፋሪኮምን ነበር፤ እዚህ ደግሞ የሚጠቅመው ኢትዮ ቴሌኮምን ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የአንድ ኩባንያ ክፋት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ትልቅ የሆነ ሁሉ ሰንሰለቱን ይወደዋል፣ ትንሽ የሆነ ሁሉ ይጠላዋል። በእኛም አገር ቁጥር ይሻገር ተብሎ ቴሌብርና ኤምፔሳ ግን እንደየራሳቸው ደሴት ቢቀሩ፣ ከኬንያ 2011 ላይ እንቆማለን። የአንዱን ባንክ ካርድ ይዘን ከሌላው ባንክ ማሽን ገንዘብ እንድናወጣ ኢትስዊች ባንኮቹን እንዳገናኘልን ሁሉ፣ የሞባይል ገንዘቦቹም ያለ ገደብ ሊገናኙና የተሻገረ ቁጥር ባለቤት ከቀድሞ ሒሳቡ ጋር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ተቃውሞ መኖሩን አውቃለሁ። አንድ በቴሌኮም ዘርፍ የሚሠራ ወዳጄ «ይህ እኮ ማጭበርበርን ይጋብዛል» አለኝ፤ በሐሰት መታወቂያ የሰውን ቁጥር ወደ ሌላ ኦፕሬተር አዛውሮ የባንክ ማረጋገጫውን መቀበል ይቻላል ማለቱ ነው። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በአሜሪካ ይህ ወንጀል እየበዛ ስለ መጣ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኦፕሬተሮች ቁጥር ከማዛወራቸው በፊት የባለቤቱን ማንነት አጥብቀው እንዲያረጋግጡና ጥያቄው ሲቀርብም ለደንበኛው ወዲያውኑ እንዲያስታውቁ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። እኛ በዚህ ረገድ ከጀማሪዎቹ የተሻለ ዕድል አለን፤ የፋይዳ መታወቂያ በጣት አሻራና በዐይን ምስል የተመዘገበ ነውና ማንነትን ለማረጋገጥ ከፎቶ ኮፒ የተሻለ ነገር በእጃችን አለ። ደግሞስ ማጭበርበሩ አሁን የለም ወይ? ጠፋብኝ ብሎ በሰው ቁጥር ምትክ ሲም ለማውጣት የሚሞክር ሌባ ቁጥር መሻገር እስኪፈቀድ አልጠበቀም።

«የሚጠቀመው አዲሱ ኩባንያ ብቻ ነው» የሚለውን ግን አልቀበለውም። በሱቄ የማየው መመላለስ በሁለቱም በኩል ነው። በዋጋው ተስቦ የተሻገረ ሹፌር ከከተማ ሲወጣ መስመር አጥቶ ይመለሳል፤ በኢንተርኔቱ ፍጥነት የተማረረ ተማሪ ደግሞ ወደዚያኛው ይሄዳል። ቁጥሩ ነፃ ቢሆን ሹፌሩም ያለ ኀፍረት ይመለስ ነበር፤ አሁን ግን የሄደበትን ሲም መሳቢያ ውስጥ ጥሎ «ሁለተኛ አልሞክረውም» ይላል።

የራሴንም ጥቅም አልደብቅም። ቁጥር መሻገር ቢጀመር ሁለተኛ ሲም የሚያወጣው ሰው ይቀንሳል፤ ባለ ሁለት ሲም ቀፎና ለሁለተኛ ስልክ የሚሆነው ርካሽ ስልክ ገበያቸው ይቀዘቅዛል። ከእነዚህ ሁሉ የማገኛት ትርፍ አለች። ይህን እያወቅሁ ነው የምጽፈው።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲቋቋም ከተሰጡት ኃላፊነቶች መካከል የስልክ ቁጥሮችን ማስተዳደርና ፍትሐዊ ውድድር እንዲኖር ማድረግ ይገኙበታል። ስለዚህ ጥያቄዬ ለእርሱ ነው። ቁጥርን ይዞ መሻገር የሚጀመርበት ቀን ይነገረን፤ «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን መልስ ለምደነዋልና ወሩና ዓመቱ ይጻፍ። መሻገሪያው ያለ ክፍያ ወይም ከአንድ ሲም ዋጋ በማይበልጥ ክፍያ ይሁን። የቀድሞው ኦፕሬተር ደንበኛውን «ቆይ፣ ቅናሽ እንስጥህ» እያለ የሚያመላልስበት ቀዳዳ እንዳይኖር ማመልከቻው በአዲሱ ኦፕሬተር በኩል ብቻ ይቅረብ። ባንኮችም የደንበኛን ስልክ ቁጥር ለመለወጥ ሒሳቡ ወደ ተከፈተበት ቅርንጫፍ በአካል ካልሄዱ አይቻልም የሚሉትን እንዲያሻሽሉ የሚመለከተው አካል ቢነግራቸው፣ ቁጥር መሻገሩ እስኪጀመር ድረስ ለብዙ ሰው እፎይታ ነው። ጋዜጣችሁም ባለሥልጣኑን፣ ሁለቱን ኦፕሬተሮችና ባንኮቹን በአንድ ገጽ ላይ ቢጠይቅልን ምላሻቸውን ቆርጬ የሱቄ መስታወት ላይ ልለጥፍ ዝግጁ ነኝ፤ በየቀኑ የምመልሰውን ጥያቄ ይቀንስልኛል።

የሾላዋ እናት ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር፤ በአዲሱ ቁጥራቸው ነው የደወሉት፣ እኔም ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያነሣሁት። የሱቁ ታፔላ በዝናብ ስለ ደበዘዘ ሊያድሱት ኖሮ «የትኛውን ቁጥር ላስጽፍ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁለቱንም ያስጽፉ» አልኋቸው። ጽሑፉን የሚጽፈው ልጅ ለሁለተኛው ቁጥር ለብቻ አስከፍሏቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

በሞባይል ጥገና ሥራ የተሰማራ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.